«ሞቷል» የተባለው ኮምፒዩተርና ያበጡት ካፓሲተሮች

የጽሕፈት መሣሪያ በሚያከፋፍል አንድ የቤተሰብ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት የምታገለግል ወዳጄ ከጥቂት ወራት በፊት ስልክ ደወለችልኝ፡፡ «ኮምፒዩተሯ ሞተች» አለችኝ፡፡ የትኛዋ እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም፡፡ ቢሮው ጥግ ላይ የተቀመጠችው፣ ያገለገለች ሆና ከውጭ የመጣችው፣ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት የተጠጋው ያቺ ጥቁር ሣጥን ናት፡፡ የምትሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር አትገናኝም፡፡ ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ የድርጅቱን የዓመታት ሒሳብ በአሮጌ የፒችትሪ ፕሮግራም ይዛ መቀመጥ፡፡ የፕሮግራሙ ሲዲ ከጠፋ ቆይቷል፡፡ ድርጅቱ ደግሞ የቆዩ መዛግብቱን ለግብር ኦዲት እንዲያቀርብ ቀን ተቆርጦለታል፡፡

ችግሩ የጀመረው በድንገት አልነበረም፡፡ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ማለት አመጣች፡፡ ሁለት ሦስት ጊዜ ካበሯትና ካጠፏት በኋላ ግን ትነሣና ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፡፡ ቀጥሎ ሥራ መሐል በራሷ ጠፍታ መነሣት ጀመረች፡፡ ሰማያዊው የስሕተት ገጽ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ በኋላ በቀን አንዴ ብቅ ይል ጀመር፡፡ አንዱ «ቫይረስ ነው» አለና ዊንዶውስ እንደገና ተጫነ፡፡ ሌላው «የመብራት መዋዠቅ ነው» አለና ስታቢላይዘር ተገዛ፡፡ በመጨረሻም ማራገቢያው እየዞረ፣ መብራቷም እየበራ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ እንደሆነ ቀረ፡፡ የተወሰደችበት ሱቅ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ምርመራ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፤ ለዚህ መለዋወጫ አይገኝም፤ አዲስ ግዙ» ብሎ መለሳት፡፡

ተያይዘን የሄድነው ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ወደኖሩ፣ አሁን ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ነበር፡፡ እሳቸው ሶኬት ላይ ለመሰካት አልቸኮሉም፡፡ ኬዙን ፈተው አቧራውን በብሩሽ አራገፉ፤ ሣጥኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ፡፡ ከዚያም በካቻቢቴ ጫፍ ጠቆሙን፡፡

«ነይ እዪ ልጄ፡፡ ይሄ ደህና ነው፣ አናቱ ዝርግ ነው፡፡ ይሄን ግን እዪው፤ ተነፍቷል፡፡ ይሄኛው ደግሞ አናቱ ተሰንጥቆ ቡናማ ነገር ተፍቷል፡፡»

«ታዲያ ይድናል ጋሼ?»

«ቦርዱ ካልተቃጠለ ይድናል፡፡ መጀመሪያ ግን ዲስኩን እናውጣው፡፡ መኪና ጋራዥ ሲገባ ዕቃሽን አውርጂ ይባል የለ?»

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እኚህ አዛውንት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያዩትን ነገር አንባቢም ማየት እንዲችል ማድረግ ነው፡፡ መበየድ የሚችል ራሱ ሊሠራው ይችላል፡፡ የማይችል ደግሞ ቢያንስ «ሞቷል» ሲባል ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፡፡

የኮምፒዩተሩ ሮቶ

ካፓሲተር፣ በሌላ ስሙ ኮንደንሰር፣ የኤሌክትሪክ ኃይልን ለአጭር ጊዜ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ ነው፡፡ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሥራውን ለማስረዳት ከሮቶ የተሻለ ምሳሌ የለም፡፡ የቧንቧ ውኃ ይመጣል፣ ይሄዳል፡፡ ሮቶው ግን ሲመጣ ይሞላል፣ ሲሄድ ይሰጣል፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ቧንቧውን ሲከፍት እኩል ውኃ ያገኛል፡፡

በማዘርቦርድ ላይም እንዲሁ ነው፡፡ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ኃይል በአብዛኛው 12 ቮልት ሲሆን፣ የዚያ ዘመን ፕሮሰሰር የሚፈልገው ግን ወደ 1.5 ቮልት ገደማ ነው፡፡ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርጉት ክፍሎች በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ተሰልፈዋል፡፡ ኃይሉን በሴከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጡ ነው የሚሰጡት፡፡ ይህን የተቆራረጠ ኃይል አለስልሰው እኩል የሚያደርጉት አጠገባቸው የቆሙት ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮች ናቸው፡፡ የጫናውን መጠን ለመገመት አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ፡፡ 60 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር በ1.5 ቮልት ሲሠራ 40 አምፒር ይስባል፡፡ 3,500 ዋት የሚፈጅ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት የሚስበው 16 አምፒር ያህል ብቻ ነው፡፡ ከምጣድ የሚበልጥ አምፒር በአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ዙሪያ ይተላለፋል ማለት ነው፡፡

የካፓሲተሩ ውስጥ ያን ያህል ውስብስብ አይደለም፡፡ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በመካከላቸው በፈሳሽ የራሰ ወረቀት ይዘው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለዋል፡፡ ፈሳሹ ኤሌክትሮላይት ይባላል፡፡ ጥቅሉ በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ታቹ በጎማ ተወትፏል፡፡ አናቱ ላይ የመስቀል ወይም የላቲኑን ኬ ፊደል የሚመስል ጭረት አለ፡፡ ጭረቱ ጌጥ አይደለም፡፡ ውስጡ ጋዝ ሲጠራቀም ቆርቆሮው እንደ ቦምብ ከሚፈነዳ በዚያ በኩል ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ ሆን ተብሎ የሳሳ ቦታ ነው፡፡

ካፓሲተር ሲበላሽ ሁለት ነገር ይሆናል፡፡ አንደኛ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ ሮቶው አነሰ እንደማለት ነው፡፡ ሁለተኛውና የባሰው ውስጣዊ መቋቋሙ ይጨምራል፡፡ ይህ ሮቶው ሞልቶ ሳለ የመውጫው ቧንቧ በዝገት እንደተደፈነ ዓይነት ነው፤ ውኃ አለ፣ ግን በሚፈለገው ፍጥነት አይወጣም፡፡ ፕሮሰሰሩ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወርዳል፡፡ ያኔ ኮምፒዩተሩ ይደርቃል ወይም ጠፍቶ ይነሣል፡፡ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ መቋቋሙ የበለጠ ስለሚጨምር ሕመሙ የሚብሰው ጠዋት ነው፡፡ ደጋግሞ ማብራት ካፓሲተሮቹን ጥቂት ያሞቃቸዋል፡፡ የወዳጄ ኮምፒዩተር በሦስተኛው ሙከራ ትነሣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

የአንድ ዘመን ወረርሽኝ

ማንኛውም ፈሳሽ ያለበት ካፓሲተር አንድ ቀን ይደርቃል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ከተሠሩት ውስጥ ግን ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሳይጨርሱ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ አብጠው ተበላሽተዋል፡፡ በዘርፉ ሰዎች ዘንድ «የካፓሲተር ወረርሽኝ» የሚል ስም የወጣለት ጉዳይ ነው፡፡

ነገሩ በሰፊው የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ነው፡፡ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የሚያሳትመው «አይትሪፕልኢ ስፔክትረም» መጽሔት በ2003 መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ ላይ አንድ የስለላ ልብ ወለድ የሚመስል ታሪክ አቅርቧል፡፡ እንደ ዘገባው አንድ ሳይንቲስት ከጃፓን አሠሪው የኤሌክትሮላይት ቀመር ይዞ ወደ ቻይና ሄደ፡፡ ቀመሩ ከዚያ ተሸጦ ታይዋን ደረሰ፡፡ የተሸጠው ቀመር ግን ጎደሎ ነበር፡፡ የስርቆቱ ታሪክ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፡፡ የፈሳሹ ጉድለት ግን በላቦራቶሪ ታይቷል፡፡ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ምርመራ ከተበላሹት ካፓሲተሮች ፈሳሽ ውስጥ የሃይድሮጅን ጋዝ እንዳይፈጠር የሚከላከለው ቅመም እንደሚጎድል አሳይቷል፡፡

ኬሚስትሪው ለማንም ይገባል፡፡ የመቋቋም መጠናቸው አነስተኛ እንዲሆን የተሠሩት ርካሽ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸው ብዙ ውኃ አለው፡፡ ውኃና አሉሚኒየም ሲገናኙ ደግሞ ሃይድሮጅን ይፈጠራል፡፡ ተከላካዩ ቅመም ካለ አሉሚኒየሙ ይጠበቃል፡፡ ከሌለ ጋዙ እየተጠራቀመ አናቱን ይነፋዋል፣ ጭረቱን ይሰነጥቀዋል ወይም የታቹን ጎማ ገፍቶ ያወጣዋል፡፡

ጉዳቱ በታይዋን ምርቶችና በማይታወቁ ኩባንያዎች ብቻ የተወሰነ አልነበረም፡፡ አፕል ለአንዳንድ የአይማክ ጂ5 ኮምፒዩተሮቹ ነጻ የጥገና ፕሮግራም ለማውጣት ተገዷል፡፡ ዴል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ኦፕቲፕሌክስ በሚባሉት የቢሮ ኮምፒዩተሮቹ ምክንያት 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ በሒሳቡ ላይ መዝግቧል፡፡ በእነዚህ ኮምፒዩተሮች ላይ የነበሩት ጥፋተኛ ካፓሲተሮች የተሠሩት ኒቺኮን በሚባለው ስመ ጥር የጃፓን ኩባንያ ነው፡፡ ስለዚህ የስርቆቱ ታሪክ ብቻውን ሁሉንም ብልሽት አያስረዳም፡፡

ይህ ጉዳይ በ2007 ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፡፡ ሰነዶቹ ይፋ ከሆኑ በኋላ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2010 እንደዘገበው፣ ዴል ከግንቦት 2003 እስከ ሐምሌ 2005 ድረስ ለዚህ ችግር የተጋለጡ ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ልኳል፡፡ ሠራተኞቹም ነገሩን ለደንበኞች አቅልለው እንዲያቀርቡ ይደረግ ነበር፡፡ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኮምፒዩተሮቹ እየተበላሹ ሲቸገር የተሰጠው ምክንያት «ከባድ ሒሳብ ስላሠራችኋቸው ነው» የሚል ነበር፡፡ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፣ ደንበኞች ለዓመታት ሶፍትዌር ሲጭኑና ቫይረስ ሲያድኑ ከረሙ፡፡

ታሪኩ እኛንም ይነካናል፡፡ በምዕራቡ ዓለም ቢሮዎች አገልግለው ወደ አፍሪካ ከመጡት ኮምፒዩተሮች ውስጥ የዚያ ዘመን ሥሪቶች ጥቂት አይደሉም፡፡ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ጥግ አሮጌ ፕሮግራም ወይም አሮጌ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ አሉ፡፡

ሙቀትና ዕድሜ

ጤነኛ ካፓሲተርም ቢሆን ጠላቱ ሙቀት ነው፡፡ «2000 ሰዓት፣ 105 ዲግሪ» የሚል ደረጃ ያለው ካፓሲተር በዚያ ሙቀት ያለማቋረጥ ቢሠራ 2,000 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው፡፡ በመሐንዲሶች የግምት ሕግ መሠረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ያድጋል፡፡ በ65 ዲግሪ ሲሠራ 32,000 ሰዓት ይሆናል፡፡ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ኮምፒዩተር ይህ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ነው፡፡ ሌት ተቀን ለሚበራ ሰርቨር ግን አራት ዓመት እንኳ አይሞላም፡፡ በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ከፍ ካደረገው ከዚህ ዕድሜ ላይ ግማሹን ወሰደ ማለት ነው፡፡ በዓመት ሁለት ጊዜ አቧራ ማራገፍ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነው፡፡

ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይካሄድ?

የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አይደለም፤ መረጃውን ማዳን ነው፡፡ ማዘርቦርድ ሲሞት መረጃው አብሮ አይሞትም፤ ያለው በሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፡፡ ዲስኩን አውጥቶ በማገናኛ ኬብል ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማያያዝ ፋይሎቹን መገልበጥ ይቻላል፡፡ እየጠፋ በሚነሣ ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ግን አደገኛ ስሕተት ነው፡፡ በሽታውን አይነካውም፣ ፋይሎችን ግን ሊያጠፋ ይችላል፡፡

ሁለተኛ፣ ቀላል የሆኑት ይታዩ፡፡ ሰዓትና ቀን እየረሳ የሚነሣ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ ብቻ ነው፡፡ ራሙን ነቅሎ በደንብ መልሶ መሰካት፣ ቢቻል ሜምቴስት86 በተባለው ፕሮግራም መፈተሽ ተገቢ ነው፡፡ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ መዞሩም ይረጋገጥ፡፡

ሦስተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩ ይፈተሽ፡፡ ደህና የሆነ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ካለ ቀይሮ መሞከር ከሁሉ ይቀላል፡፡ በቴስተር ከተለካ የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ የ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25፣ የ3.3 ቮልቱ ከ3.14 እስከ 3.46 ባለው ውስጥ መሆን አለበት፡፡ እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፡፡ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ልምድ የሌለው ሰው አይክፈት፡፡ ከ220 ቮልት የሚመነጭ ከ300 ቮልት በላይ ኃይል ውስጡ ባሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል፡፡

አራተኛ፣ ዓይን፡፡ ኮምፒዩተሩ ከሶኬት ይነቀል፡፡ በጥሩ ብርሃን በፕሮሰሰሩ ዙሪያ፣ በራሞቹ አጠገብና በካርድ መሰኪያዎቹ መካከል የቆሙት ካፓሲተሮች አንድ በአንድ ይታዩ፡፡ የሚፈለጉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፡፡ የጤነኛው አናት ዝርግ ነው፤ የታመመው በትንሹም ቢሆን ጉብ ይላል፡፡ ጭረቱ ላይ ቡናማ ወይም ዝገት መሰል ነገር ካለ ፈሳሹ ወጥቷል፡፡ ካፓሲተሩ ከቦርዱ ከፍ ብሎ ወይም ዘመም ብሎ ከቆመ ጎማው ከታች ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፡፡ በሥሩ ያለ ደረቅ ሙጫ ግን ያሳስታል፡፡ አንዳንድ ፋብሪካዎች ካፓሲተሩ እንዳይነቃነቅ ሙጫ ስለሚያደርጉ ቢጫማ ነገር ሁሉ የፈሰሰ ኤሌክትሮላይት አይደለም፡፡

ሳያብጡም የሚሞቱ አሉ፡፡ ተራ ቴስተር የካፓሲተሩን መጠን ለክቶ «ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ የመውጫውን ቧንቧ መደፈን ግን አያይም፡፡ ለዚያ ውስጣዊ መቋቋምን የሚለካ «ኢኤስአር ሜትር» የሚባል መሣሪያ አለ፡፡ ብዙዎቹ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን የተያያዙ ስለሆኑ ትክክለኛ መልስ የሚገኘው ተነቅለው ሲለኩ ነው፡፡ ምልክቶቹ ሁሉ ካሉና ከተመሳሳይ ዓይነት አንዱ እንኳ ካበጠ ሌሎቹንም መጠርጠር ያስኬዳል፡፡

ተተኪውን መምረጥ

ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፡፡ በሰውነቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፡፡ አንዱ የሚይዘው መጠን ሲሆን በማይክሮፋራድ ይገለጻል፤ በማዘርቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ1000 እስከ 3300 ነው፡፡ ሁለተኛው የሚችለው ቮልቴጅ ነው፤ 6.3፣ 10 ወይም 16፡፡ የአዲሱ መጠን እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ይሁን፡፡ ቮልቴጁ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ያነሰ ፈጽሞ አይሆንም፡፡ የሙቀት ደረጃው 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ መሆን አለበት፡፡

አራተኛው መስፈርት በሰውነቱ ላይ በግልጽ ላይጻፍ ይችላል፤ ውስጣዊ መቋቋሙ ዝቅተኛ መሆን ነው፡፡ ለሬዲዮና ለአምፕሊፋየር የሚሸጠው ተራ ካፓሲተር ቁጥሩ ሁሉ ተመሳሳይ ሆኖ መቋቋሙ ግን በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፡፡ ማዘርቦርድ ላይ ሲገባ ግሎ ብዙም ሳይቆይ ያብጣል፡፡ ደንበኛውም «ተጠግኖ ነበር፣ አልዳነም» ይላል፡፡ ስለዚህ ሲገዙ «ሎው ኢኤስአር» መሆኑን ይጠይቁ፡፡ ሩቢኮን፣ ፓናሶኒክ፣ ኒፖን ኬሚኮንና ዛሬ የሚመረቱት የኒቺኮን ምርቶች የታወቁ ናቸው፡፡ ስማቸውን የለጠፉ አስመሳዮች ግን ስላሉ የሻጩ ታማኝነት ይታይ፡፡ እዚህ ካልተገኘ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ማስላክ አያስቸግርም፤ አሥሩ ቢደመር ከአንድ ቁልፍ መያዣ አይከብድም፡፡

መጠኑም ይለካ፡፡ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ካፓሲተር በነበረበት 10 ሚሊ ሜትር ላይገባ ይችላል፤ የእግሮቻቸውም ርቀት ይለያያል፡፡ ፈሳሽ የሌላቸው «ሶሊድ» የሚባሉት ካፓሲተሮች ረጅም ዕድሜ አላቸው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የሚጠቀሙት እነዚህን ነው፡፡ አናታቸው ጭረት ስለሌለው በቀላሉ ይለያሉ፡፡

ቅየራው

ከሁሉ በፊት የቦርዱን ፎቶግራፍ በስልክ አንሡ፡፡ ካፓሲተር አዎንታዊና አሉታዊ እግር አለው፤ በሰውነቱ ላይ የተሰመረው ወፍራም መስመር አሉታዊውን ያሳያል፡፡ ተገልብጦ ከገባ ይግላል፣ ይፈነዳልም፡፡ በብዙ ቦርዶች ላይ ቀለም የተቀባው ግማሽ ክብ የአሉታዊው ምልክት ነው፡፡ አንዳንድ አምራቾች ግን በተቃራኒው ስለሚቀቡ ከምልክቱ ይልቅ ፎቶው ይታመናል፡፡

ኮምፒዩተሩ ከሶኬት ተነቅሎ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሴከንድ ይጫን፤ የቀረው ኃይል ይወጣል፡፡ ቦርዱ ከኬዙ ይውጣ፤ ፕሮሰሰሩና ራሞቹም ይነሡ፡፡ ቦርዱን ከመንካት በፊት የኬዙን ብረት መንካት በሰውነት ላይ ያለውን ስታቲክ ይቀንሳል፡፡

ማዘርቦርድ ከሬዲዮ ቦርድ የሚለይበት ነገር አለ፡፡ አራትና ከዚያ በላይ የመዳብ ንጣፎች አሉት፡፡ የካፓሲተሩ አሉታዊ እግር የተያያዘው ከሰፊ መዳብ ጋር ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣዋል፡፡ ደካማ የመበየጃ ብረት ይዞ ለረጅም ጊዜ መታገል ቦርዱን ይጎዳል፡፡ ከ40 እስከ 60 ዋት ያለው፣ ጫፉ ሰፋ ያለ መበየጃ ይመረጣል፡፡ አሮጌው ብየዳ ላይ መጀመሪያ ጥቂት አዲስ ሊድ መጨመር ይረዳል፡፡ እርሳስና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ሊድ የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ነው፡፡ የአውሮፓ ኅብረት እርሳስን የከለከለበት ደንብ ሥራ ላይ ከዋለበት ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. በኋላ በተሠሩት ቦርዶች ላይ ያለው ግን 220 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፡፡ ሲቀላቀሉ ሥራው ይቀላል፡፡

ከኋላ አንዱን እግር እያሞቁ ካፓሲተሩን በእርጋታ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ ከዚያ ሌላውን እግር እያሞቁ ወደ ሌላው ጎን ማዘንበል ነው፡፡ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ይወጣል፡፡ በጉልበት አይሳብ፡፡ ቀዳዳው ውስጥ ንጣፎቹን የሚያገናኝ ስስ መዳብ አለ፤ አብሮ ከተነቀለ ቦርዱ ያኔ በእርግጥ ሞተ፡፡ በዚሁ ምክንያት የተደፈነ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አይከፈትም፡፡ እያሞቁ በሊድ መምጠጫ መሳብ ወይም በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ መግፋት ይበቃል፡፡ የፈሰሰ ኤሌክትሮላይት መዳብ ስለሚበላ ቦታው በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጽዳ፡፡

አዲሱ በትክክለኛ አቅጣጫው ገብቶ ቦርዱ ላይ ጠጋ ብሎ ይቀመጥ፡፡ ብየዳው የሚያብረቀርቅና እግሩን ዙሪያውን የያዘ ይሁን፡፡ ትርፍ እግሩ ይቆረጥ፤ ሁለት ብየዳዎች እንዳልተነካኩ በማጉያ መነጽር ይታይ፡፡ ያበጡት ብቻ ሳይሆኑ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት ተመሳሳዮቹ ሁሉ አብረው ይቀየሩ፡፡ ጫናውን የሚካፈሉት በጋራ ስለሆነ የደከመው ለአዲሶቹ ሸክም ይሆናል፡፡ የመጀመሪያውን ጊዜ ሲያበሩ ፊትዎን ያርቁ፡፡ ሥራው የሚካሄደው መስኮት ተከፍቶ ነው፤ ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ፤ እርሳስ መርዝ ነው፡፡

መቼ ይተው?

ቦርዱ ላይ የጠቆረ ወይም የተቃጠለ ሽታ ያለው ቦታ ካለ፣ ፈሳሹ የመዳብ መስመሮቹን በልቶ ከሆነ ወይም ሙሉ ቅየራ ተደርጎ ለውጥ ካልመጣ ትግሉን ማቆም ይበጃል፡፡ ኮምፒዩተሩ ለኢንተርኔትና ለዕለት ሥራ የሚፈለግ ከሆነም ያው ነው፡፡ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ያንን ማሽን ኔትወርክ ላይ ማዋል ለአደጋ መጋለጥ ነው፡፡ ጥገናው ትርጉም የሚኖረው ልክ እንደ ወዳጄ ሌላ ቦታ የማይሄድ ፕሮግራም ወይም መሣሪያ ሲኖር ነው፡፡

አዛውንቱ ያበጡትን ስድስትና ያላበጡትን ሁለት በአንድ ከሰዓት ቀየሯቸው፡፡ የካፓሲተሮቹ ዋጋ ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም ነበር፤ የተቀረው የእጃቸው ሙያ ነው፡፡ ወዳጄ ቁልፉን ስትጫን በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣች፡፡ ፒችትሪው ተከፈተ፤ መዝገቡም እንደነበረ ተገኘ፡፡

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለቻቸው፡፡

«አትዘናጊ ልጄ» አሏት፤ «ዕድሜዋ ገፍቷል፡፡ ነገ ሌላው ሊበላሽ ይችላል፡፡ አሁን ተነሥታልሻለችና የምታወጪውን አውጪ፡፡»

እሷም ቃላቸውን ሰማች፡፡ በዚያው ሳምንት የየዓመቱን መዝገብ በወረቀት አተመች፤ ወደ ኤክሴልም አውጥታ በሁለት ዲስክ ገለበጠችው፤ አንዱን ቤቷ ወሰደችው፡፡ ለኦዲቱም የተቆረጠው ቀን ሳያልፍ ቀረበ፡፡ አሮጌዋ ኮምፒዩተር አሁንም ጥግዋ ላይ አለች፤ ጠዋት ስትነካ ትነሣለች፡፡ እርስዎም ቢሮ ወይም ቤት ጥግ «ሞቷል» ተብሎ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ካለዎት ለቁራሌው ከመስጠትዎ በፊት ከሶኬት ነቅለው ኬዙን ይክፈቱና አናቶቹን በብርሃን ይመልከቷቸው፡፡